ለእናቴ የገዛሁት ካሜራ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1995

አንዲት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ስጽፍ ዋልኩ። ኃላፊው "ስርዝ ድልዝ አልወድም" ይላል። የታይፑ ሪባን ነጥቧል፣ ካርቦኑ ተበሳስቷል... ጥፋቱ ግን የጸሐፊዋ ነው። ይሁን እስቲ።

ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቷ እናትነሽ ከደሴ ገባች። ወንድሟ ካሜራ ገዝቶላታል! ሳሙና የምታህል፣ ኪስ የምትገባ። ግቢ ውስጥ አሰልፋ አነሳችን። "ሳቁ እንጂ፣ ምን እንደ ተከሳሽ ትቆማላችሁ!" ትላለች። ሳቅን። ከዚያ የቤተሰቧን ፎቶ ከቦርሳዋ አውጥታ አዞረች። እናቷ፣ እህቶቿ፣ የእህቶቿ ልጆች...

"ያንቺስ እናት? እኚያ ባለ ወርቋ፣ ደህና ናቸው?" አለችኝ።

"ደህና ናቸው" አልኩ። ፊቴ ጋለ። ሻይ ላምጣላችሁ ብዬ ወጣሁ። ማን ሻይ ጠየቀኝ?

ኅዳር 10

ካሜራ እገዛለሁ። ቁርጥ ነው።

ኅዳር 14

ምንይሉ የሰው ደብተር አይከፍትም። ባሌን በሌላው ባማው በዚህ እመሰክርለታለሁ። ስለዚህ ልጻፈው።

ሠርጌ፣ ጥር 1988። እናቴ ከዝቋላ ሰቆጣ ድረስ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ መጣች። ራሷን ቅቤ ተቀብታ፣ የቀሚሷ ጥለት ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ጠፍቶ፣ ለእኔ ብላ ማር በቅል ተሸክማ። ፎቶ አንሺው ቅጣው "የሙሽራዋ እናት የት አሉ?" ብሎ ተጣራ። የምንይሉ ዘመዶች ከደሴ መጥተው ወርቅ በወርቅ ሆነው ቆመዋል። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን ቆመዋል። እኔ ምን አልኩ? "ሥራ ይዛለች፣ ተዋት።" ቬሎዬን ሰብስቤ ጓዳ ድረስ ሄድኩና "እምዬ፣ ወጡን እዪልኝ፣ እንዳያር" አልኳት። "እሺ ልጄ" አለች። በእሷ ቦታ የምንይሉ አክስት ወይዘሮ ይታየሽ ቆሙ።

በዓመቱ እዚህ ቢሮ ስቀጠር እናትነሽ የሠርጌን አልበም ገልጣ፣ ወይዘሮ ይታየሽን አይታ "እናትሽ ናቸው?" አለችኝ። "አዎ" አልኩ። አንዲት አዎ። ያቺ አዎ ግን ውሸት ስትወልድ ኖረች... እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። እናቴ ነጋዴ ናት። እናቴ ለፋሲካ ጨርቅ ላከችልኝ። ኽምጣና አልችልም። ይህንንም ብያለሁ! አፌን በኽምጣና የፈታሁ ሴትዮ።

ባለፈው ጥቅምት ደግሞ የባሰው መጣ። እናቴን ሆዷን ቆርጧት ወንድሜ ይርዳው ይዟት መጣ። ሐኪሙ ለእኔ ብቻ ነገረኝ፣ ጨጓራ ነው፣ ኪኒን ትዋጥ። ከሆስፒታሉ ስንወጣ በሩ ላይ እናትነሽ ፊት ለፊት! "ማን ናቸው?" አለችኝ። "ዘመድ ናት፣ ከገጠር።" እናቴ ክንዴን ይዛ ቆማለች። አማርኛዋ የገበያ ነው... ሰምታ ይሆን? ምንም አላለችም። በማግስቱ ወደ አገሯ ሄደች።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ ይዘው የሚያለቅሱበት ፎቶ ጠፋ። ጋቢውንና ከዘራውን ይዘው አለቀሱ። "የተማረች ልጅ እያለችው!" ሲሉኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እና እውነቱን ለመናገር ካሜራውን የምፈልገው ለእናቴ ብዬ ነው? ወይስ እንደገና እንዳልታማ? አላውቅም። ሁለቱም መሰለኝ። አፈር ልብላ።

ኅዳር 19

ለምንይሉ ነገርኩት። "ቅጣውን አንድ ቀን ብንጠራው አይበቃም?" አለ።

"ቅጣው ዝቋላ ድረስ ይሄዳል?"

ከፈተና ወረቀቱ ቀና ብሎ "እናትሽን ልታነሺ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ጥሩ ነው" ብሎ ወደ ፈተና እርማቱ ተመለሰ። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልጨመረም። መምህር ሆኖ ለሰው ሁሉ ያወራል፣ እዚህች ነገር ላይ ሲደርስ አፉ ይቆለፋል።

ኅዳር 24

ቅጣው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺን ካሜራ አስመርጠኝ ማለት ጠጅ ቤት ገብቶ ጠጅ አጣጣል አስተምሩኝ እንደማለት ነው።

"እንጀራዬን ልትነጥቂኝ መጣሽ?" አለኝ እየሳቀ።

"ለቤተሰብ ነው። ለራሴ።"

"ሁሉም ለራሴ እያለ ነው ጾሜን የሚያሳድረኝ።"

ደግ ነው ግን። ቁጭ አድርጎ መከረኝ። እንዳልረሳው ልጻፈው። ድንጋዩ የራዲዮ ድንጋይ ይሁን፣ ሰቆጣ ማንኛውም ሱቅ የሚገኘው። ልዩ ባትሪ የሚበላ ካሜራ የተገዛ ቀን ያምራል፣ ባትሪው ያለቀ ቀን የልጅ መጫወቻ ነው። የኋላ ክዳኑን ከፍቼ ዘግቼ ልየው፤ ከላላ ብርሃን ይገባና ፊልሙ ይቃጠላል። ሰው ፊት ድረስ ተጠግቼ አላንሳ፣ ሁለት እርምጃ ልራቅ፣ አለዚያ ፊቱ ይድበሰበሳል። ያገለገለ ቢሆንም አልፈር፣ የድሮ ጃፓን ከአዲስ ፕላስቲክ ይሻላል።

"ውጭ ነው የምታነሺው ቤት ውስጥ?"

"ቤት ውስጥም። መስኮት የሌለው ቤት።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እንግዲያ ያለ ፍላሽ እንዳትገዢ" አለ። የራሱን ካሜራ መወልወል ጀመረ። እየወለወለ፣ "የሠርግሽ ዕለት እናትሽን አላነሳኋቸውም። ሁለት ጊዜ ተጣርቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ሦስተኛ መጣራት ነበረብኝ" አለኝ።

እሱ ይቆጨዋል! እሱ!

ታኅሣሥ 12፣ ወልድያ

ለስልጠና መጥቻለሁ። ፋይል እንዴት እንደሚደረደር ለአራት ቀን ያስተምሩናል። ዕቁቡ ስለወጣልኝ ኪሴ ባዶ አይደለም። በምሳ ሰዓት ሦስት ሱቅ ዞርኩ።

አንደኛው ጋ ብርማ የሆነች፣ አፍንጫዋ ወደፊት የሚወጣ፣ ሩቁን የምታቀርብ አለች። አማረችኝ። ባትሪዋን ጠየቅኩ። "እሱማ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው" አለ። ደህና ሁኚ አልኳት። ሁለተኛው ጋ ቀይ ፕላስቲክ፣ ዋጋዋ የዶሮ። ፍላሽ የላትም፣ ክዳኗ ደግሞ በላስቲክ ታስሯል። "ላስቲኩ በነጻ ነው" አለኝ ሻጩ ያለ ምንም እፍረት። ሦስተኛው ጋ ጥቁር፣ ያገለገለ የጃፓን፣ ጠርዙ የተጫጫረ። ፍላሽ አለው፣ ሁለት የራዲዮ ድንጋይ ይበላል፣ ፊልሙን ራሱ ይስባል። ክዳኑን አሥር ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ። "እህቴ፣ በር ነው እንዴ የምትገዢው?" አለኝ ባለሱቁ። ተከራከርን፣ ወጣሁ፣ ጠራኝ፣ ተመለስኩ። ገዛሁት! ባለ ሠላሳ ስድስት ፊልም፣ ሁለት ጨመርኩ።

ስመለስ አብራኝ የምትሰለጥን የላስታ ልጅ "ለማን ነው?" አለችኝ። "ለእናቴ። ዝቋላ ናት፣ ፎቶ ተነስታ አታውቅም።" ሳላስበው ወጣ። ልጅቷም "ታድላ" አለች፣ አለቀ። የማያውቀኝ ሰው ፊት እውነት እንዴት ይቀላል?

ጥር 3

በገና ልጄን መስከረምን አነሳኋት፣ ምንይሉን አነሳሁት፣ በጉን አነሳሁት። አሥራ ስምንት ደረስኩ። ዛሬ ከሥራ ስመጣ መስከረም የካሜራውን ክዳን ከፍታ ፊልሙን እስከ መጨረሻው መዝዛዋለች። "ሰዎቹን ላያቸው ብዬ ነው" አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ምን እላታለሁ? ክዳኑ ጠንካራ ነው ብዬ የተመካሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የቀረኝ አንድ ፊልም ነው፣ እሱ የእናቴ ነው።

ቀጥሎ አልበሙን አመጣችና "አያቴ የትኛዋ ናት?" አለችኝ። እናቴን ታውቃታለች፣ ጥቅምት ላይ አብራት ተኝታለች። ፎቶው ላይ አጥታት ነው። "የለችበትም" አልኳት። "ለምን?" አለች። ለምን!

ጥር 8

ለእናቴ ቀሚስና ነጠላ ገዛሁላት። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ጥለቱ ቀጭን። ፎቶው ላይ እንዳታሳፍረኝ።

ደግሜ አነበብኩት። "እንዳታሳፍረኝ።" እጄ ነው የጻፈው? እጄ ነው።

ጥር 15፣ እናቴ ቤት

እስከ ጽጽቃ ከተማ በጭነት መኪና፣ ከዚያ አራት ሰዓት በእግር። ለቢሮ "ደሴ፣ እናቴ ጋ" ብዬ ነው ፈቃድ የጠየቅኩት። ፈቃዱንም በውሸት! ማሽላው ዘንድሮ አልያዘም፣ አገዳው ብቻ ቆሟል። ሰዉ ፊቱ ተጎድቷል። እኔ ደግሞ ካሜራ ይዤ መጣሁ።

እናቴ ደጅ ናት። ስታየኝ ደነገጠች። "ምነው ልጄ? በዓል ሳይሆን? ማን ሞተ?"

"ማንም። አንቺን ላይ መጣሁ።"

እግሯን ልስም ጎንበስ ስል እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። እሷ ይርዳውን አየችው። ይርዳውም እሷን።

የያዝኩላትን ስኳር ሰጠኋት። ነጩን ልብስ ሰጠኋት። በእጇ ዳሰሰችው፣ አጣጠፈችውና ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። "ልበሺው እንጂ!" ብላት "ለቀኑ ይሁን" አለች። ካሜራውን አወጣሁ። "ፎቶ ማንሻ ነው። ነገ አነሳሻለሁ።"

"ነገውኑ?"

"ነገውኑ።"

"እንዲህ ቸኮለ?" አለች። ምኑ እንደቸኮለ አልገባኝም። ራቴን አቀረበችልኝ፣ ራሷ ግን አልበላችም።

ጥር 16

ምን ዓይነት ቀን ነው! ጎረቤቱ ከማለዳ ጀምሮ ይጎርፋል። ካሜራ መጣ ሲባል ሰምተው ነው። ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ ከወንዝ ማዶ ሳይቀር። እየገቡ የእናቴን ጉልበት ይስማሉ፣ ጆሮዋ ላይ ያንሾካሹካሉ፣ እሷም ራሳቸውን ይዛ ትመልስላቸዋለች። እኔ ቀጭ፣ ቀጭ! ፍላሹ ቤቱን ቦግ ሲያደርገው ባልቴቶቹ ያማትባሉ። ልቤ ሞላ። እናቴ ስንት ሰው አላት! ጎረቤቷ ምንዋጋው እንኳ፣ በድንበር ተጣልተው ስንት ዓመት የእግዜር ሰላምታ የማይለዋወጡት፣ መጥቶ ተቃቅፈው ተላቀሱ። አነሳኋቸው። ካሜራ ሰው ያስታርቃል ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ሐዋርያትም መጡ። ሁላችንንም ወደ ውጭ አስወጥተው ከእናቴ ጋር ብቻቸውን ቆዩ። ሲወጡ "አባ፣ እርስዎንም ላንሳዎት?" አልኳቸው። "እሷን ልጄ፣ እሷን" አሉኝ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና "አይዞሽ፣ የማይቀር ነው" አሉ።

ምኑ ነው የማይቀረው?

እናቴ ዛሬም እህል አልቀመሰችም። "አመመሽ እንዴ?" ብላት "የለም" ትላለች። ነጯን ፍየል ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ግራጫዋን ለምንዋጋው። ሁለት ፍየል ነው ያላት። በፎቶ ደስታ ፍየል ይሰጣል?

ጥር 17

ጠዋት ይርዳው ከቤቱ ጀርባ ጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"መቼ ልትነግሪን ነው?"

"ምኑን?"

"እታገኝ፣ እኔ እችለዋለሁ። ሐኪሙ ስንት ወር ነው ያለው?"

የምን ወር አልኩት። ያሰቡትን አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ ነግሮኛል፣ እኔም እንደ ወጉ ደብቄያቸዋለሁ። ለዚህ ነው ያለ በዓል የመጣሁት። ለዚህ ነው እግሯ ላይ ያለቀስኩት። ነጩ ልብስ መገነዣ ነው። ፎቶውም ለለቅሶ ነው... እዚህ አገር ፎቶ የት ይታያል? ለቅሶ ላይ ብቻ። ለታመመ ሰው ሞቱ አይነገረውም፣ የሚያውቀውንም ሰው ማንም አፍ አውጥቶ አይጠይቀውም። ስለዚህ ማንም አልጠየቀኝም። ትናንት የመጣው ሰው ካሜራ ሊያይ አይደለም። ሊሰናበታት ነው። "ይቅር በይኝ" ሊላት ነው። ምንዋጋውም ለዚያ ነው። እኔም ቆሜ ቀጭ፣ ቀጭ!

ሮጬ ገባሁ። መደብ ላይ ጋደም ብላለች። "እምዬ፣ ደህና ነሽ! ምንም የለብሽም! ጨጓራ ብቻ ነው!"

"እሺ ልጄ" አለችኝ፣ እንደ ሕፃን እያባበለችኝ።

"በእመቤቴ እምላለሁ!"

"ተይ አትማይ፣ ለእኔ ብለሽ ኃጢአት አትግቢ።"

አላመነችም። እንዴት ታምን? የሚደብቅ ሰው የሚለውም ይኸንኑ ነው። በማልኩ ቁጥር የባሰ አዘነችልኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ በተራበ ዓመት... ሳምንት ከቀጠለች እውነትም ትሞታለች። በእኔ ካሜራ ትሞታለች።

"ካልታመምኩ ታዲያ ምን አመጣሽ?" አለችኝ።

ሌላ መልስ ፈለግኩ። አጣሁ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ነገርኳት፣ በኽምጣና። የሠርጌን ዕለት። ወጡ ሊያር እንዳልነበረ። ወይዘሮ ይታየሽ የት እንደቆሙ። ቢሮ ውስጥ ደሴ የምትኖር ባለ ወርቅ እናት እንዳለችኝ። ነጩን ልብስ ለምን እንደገዛሁት። የአባቴን ለቅሶና ሐሜቱን፣ እሱንም አልደበቅኩም። ይርዳው በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ይስማ።

"ሆስፒታሉ በር ላይ 'ዘመድ ናት' ስትያት ሰምቼሻለሁ" አለችኝ።

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

"ልጄ እናቷን በሕይወት እያለች እንዲህ አትልም አልኩ። ሞቴን ነግረዋታል አልኩ። ከወዲሁ ልቧን እያደነደነች ነው፣ ምስኪን፣ አልኩ። መንገዱን ሁሉ ላንቺ ሳዝን ነው የመጣሁት።"

"አይደለም እምዬ።"

"አፍረሽብኝ ነው?"

"አዎ።"

"ሞቱ ይሻለኝ ነበር" አለች።

ግን አመነችኝ። ተነስታ ተቀመጠች፣ ይርዳውን "የሚበላ ነገር አምጣልኝ" አለችው። ላጎርሳት እጄን ዘረጋሁ። ራሷ ቆርሳ በላች።

ጥር 18

አታናግረኝም። ይርዳውን "ለእህትህ ውሃ ስጣት" ትለዋለች፣ አጠገቧ ተቀምጬ።

ወሬው ተዳረሰ። ምንዋጋው ፍየሏን እየጎተተ ሊመልስ መጣ። "ካልሞትሽማ ምን አደርጋታለሁ፣ እንኪ!" አለ። እናቴ ሳቀች፣ በሁለት ቀን የመጀመሪያዋ። "ሰጥቻለሁ፣ አልመልስም፣ ዕርቁንም እንዳትመልሰው" አለችው። ሁሉም ሳቀ። እኔ ከማን ጋር ልሳቅ?

አባ ወልደ ሐዋርያት ጋ ሄድኩ። "አባ፣ ንስሐ ይስጡኝ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስግደት ላዝሽ እችላለሁ፣ ግን ቀላል ይሆንብሻል። የካድሻት እዚህ አይደለም። እዚያው ከካድሽበት ሄደሽ ተናገሪ።"

ወደ ሰቆጣ ልነሳ ስል "እምዬ፣ አንድ ፎቶ አብረን እንነሳ፣ ይርዳው ያንሳን" አልኳት።

"ከዘመድ ጋር?" አለች።

ካሜራውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጥር 20፣ ሰቆጣ

ለምንይሉ ሁሉንም ነገርኩት። የቢሮውን ጉድ አያውቅም ነበር። ይቆጣል ብዬ ነበር። አንገቱን ደፍቶ "ያን ዕለት አክስቴን 'እዚህ ይቁሙ' ያልኳቸው እኔ ነኝ እኮ" አለ። "እናትሽ ጓዳ እንዳሉ አይቻለሁ። ዝም አልኩ። ተመችቶኝ ነበር።"

ለዚህ ነው ለካ አፉ የሚቆለፈው። ሁለት ያፈርን ሰዎች አንድ ጣራ ሥር።

ቢሮ ስገባ እናትነሽ "ደሴ እንዴት ነው? እናትሽ ደህና ናቸው?" አለችኝ።

"ደህና ናቸው" አልኩ። እንደገና! ሦስት ቀን አልሞላኝም!

ጥር 24

ዛሬም አልተናገርኩም።

ጥር 28

ዛሬም። አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ሻይ ሰዓት ላይ "አንድ ነገር ልንገርሽ" ብዬ ጀመርኩ። "ምን?" አለች። "ሪባኑ አለቀ" አልኳት።

የካቲት 9

ቅጣው ፊልሙን ወልድያ ልኮ አሳጥቦልኛል። ሠላሳ አራቱ ወጥተዋል። ጥሩ ካሜራ ነው፣ ምርጫዬን አልወቅሰውም፣ የጨለማውን ቤት ግድግዳ ሳይቀር አሳይቷል። ቅጣው እያገላበጠ "ነፍስ ይማር፣ ማን ናቸው ያረፉት?" አለኝ። ሁሉም የሚያለቅስበት ፎቶ ነው። ሠላሳ አራት ስንብት።

"ማንም አላረፈም። እናቴ ናት። ደህና ናት።"

ግራ ገብቶት አየኝ። ዝርዝሩን አልጠየቀም፣ ባለሙያ ነው። አንዷን ለይቶ ሰጠኝ። "ይቺ ትልቅ ትሁን" አለ። እናቴ ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች። ካሜራውን ሳይሆን እኔን ነው። እየሞተች መስሏታል፣ ዓይኗ ግን ለእኔ ነው የሚያዝነው። ያቺ ልጇ ብቻዋን ምስጢር የተሸከመች መስሏት... ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ እንባዬ ወረደ። ቅጣው ወንበር ሰጠኝና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

አልበሙ ውስጥ ልሰካት ሞከርኩ። ከየትኛው ገጽ ላይ? ጠረጴዛው ላይ ተውኳት።

የካቲት 20

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ዘበኛው ሸጋው አንገቱን በበሩ አስገባ። "እታገኝ፣ አንዲት እናት ይፈልጉሻል" አለ። በመስኮት አየሁ። እናቴ። ያችኑ የዘወትር ቀሚሷን ለብሳ፣ አቧራ በአቧራ ሆና። ይርዳው ከኋላዋ ቆሟል። ለገበያ ወጥተው ነው።

ቢሮው ሙሉ ነው። እናትነሽ አለች፣ ሒሳብ ሹሙ አለ፣ ሁለት ባለጉዳዮች አሉ። ወጥቼ ደጅ ላይ ላነጋግራት እችል ነበር። አሰብኩት። እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም፣ አሰብኩት፣ ከወንበሬም ተነስቼ ነበር። ሸጋውን "አስገባቸው" አልኩት።

ገባች። ዓይኗ በክፍሉ ዞረ፣ ወለሉን አይታ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ይዣት "ተይው እምዬ" አልኳት። ከዚያ ቀና ብዬ፣ ለሁሉም፣ "እናቴ ናት" አልኩ። ጮክ ብሎ ነው የወጣው።

እናትነሽ ቀና አለች። እናቴን አየች። እኔን አየች።

"የትኛዋ?" አለች።

ተንኮል የላትም፣ እውነት ግራ ገብቷት ነው። ሒሳብ ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እናቴ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ አየችና "ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ፣ በኽምጣና።

ሁሉም እየሰማ፣ አልችልም ባልኩት ቋንቋ መለስኩላት። "የትኛዋ እናትሽ ናት አለች።" ሒሳብ ሹሙ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ገብቶታል፣ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

እናቴ አሰብ አደረገች። እናትነሽን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች።

"ምን አሉ?" አለች እናትነሽ።

ተረጎምኩት። አንድም ቃል አልቀነስኩም።

"የወለድኳት እኔ ነኝ አለች። ሌላም አለቻት ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሴትዮዋን አላውቃትም። ለልጄ በሠርጓ ቀን አጠገቧ ቆማላታለችና፣ እግዜር ይስጥልኝ በሏት።"

እናትነሽ ተነስታ ወንበሯን ለእናቴ ለቀቀችላት። እኔ መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ የማንንም ፊት ማየት አልቻልኩም። እናቴ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና "በይ ፎቶዬን አሳዪኝ" አለችኝ።